ከሩጫ የመጣሁ ነኝ፤ የብስክሌት ውድድር ላይ ሜዳው ላይ ለምን እቆረጣለሁ?

ዳገት ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አማተር ሯጭ ነኝ። 10 ኪሎ ሜትርና ግማሽ ማራቶን መወዳደር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ግማሽ ማራቶን የምገባው 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከፊት ከሚገቡት ወገን አይደለሁም፤ ግን ፍጥነቴን አውቄ የምነሳና መጨረሻ ላይ ሰው እያለፍኩ የምገባ ሯጭ ነኝ። ባለፈው ዓመት ብስክሌት ጀመርኩ፣ ከልቤም ወደድኩት። ብቻዬን ስነዳ ደህና ነኝ። ዳገት ላይማ ብዙ ዓመት የነዱትን እያለፍኩ ነው የምወጣው።

የሚያስቸግረኝ ውድድሩ ነው። በቅርቡ የተወዳደርኩት 12 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙሪያ መንገድ ላይ 5 ዙር፣ በድምሩ 60 ኪሎ ሜትር ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ በየዙሩ አራት ጠባብ መታጠፊያ አለው። ሰው እንዳልነካ ስለምፈራ ከኋላ ሆኜ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ዙር ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ጨረስኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከአንዱ መታጠፊያ ስወጣ ከፊቴ ያለው ብስክሌት አምስት ሜትር ራቀኝ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ከዚያ ግሩፑ በሙሉ ሄደ። የቀረውን ብቻዬን ነዳሁት። ልቤ ገና አልደከመም ነበር፤ እምቢ ያለኝ እግሬ ነው። በሩጫ ያካበትኩት አቅም እዚህ ላይ ምን ሆነ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ሰው መሀል ተጠግቶ መንዳት እንዴት ነው የሚለመደው? ሦስተኛው፦ ከፊቴ ግማሽ ማራቶን አለ፣ ከእሱ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ የብስክሌት ውድድር። ሁለቱንም ልወዳደር ወይስ አንዱን ልተው? ሁለቱንም ያየ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


ሁለት ጎማ ሁለት ጫማ፦

እህቴ፣ በዕድሜዬ አጋማሽ ላይ ነው ከሩጫ ወደ ብስክሌት የመጣሁት፤ አሁንም ሁለቱንም እወዳደራለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ በደንብ ይገባኛል። አቅምሽ አልጠፋም። የተቆረጥሽው በቦታሽ ምክንያት ነው።

አርባ ሰው ያለበት ግሩፕ ጠባብ መታጠፊያ ሲገባ የሚሆነውን አስቢው። ከፊት ያሉት አምስት ስድስት ሰዎች ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ያልፋሉ። ከኋላቸው ያለው ትንሽ ይይዛል፣ ከእሱ ኋላ ያለው የበለጠ ይይዛል፣ ጭራው ላይ ያለው ደግሞ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ጭራው ገና መታጠፊያው ውስጥ ሳለ ፊተኞቹ መገስገስ ጀምረዋል። ያንን ክፍተት ለመዝጋት ኋለኛው ከኮርቻው ተነስቶ ባለ በሌለ ኃይሉ መርገጥ አለበት። አራት መታጠፊያ በአምስት ዙር ሃያ ጊዜ ነው። እነሱ ለጥ ያለ 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንቺ ላይ የተጫነው ሃያ ስፕሪንት ነው። የግማሽ ማራቶን ሯጭ አካል ደግሞ ለዚህ አልተሠራም፤ አንድ ፍጥነት ይዞ መቆየትን ነው የተማረው። ልብሽ ሳይደክም እግርሽ የዛለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፊት ሁኚ።

ከተቆረጥሽ በኋላ ያልደረስሽባቸው ደግሞ በነፋሱ ምክንያት ነው። በሩጫም ነፋስ አለ፤ ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ ማራቶኑን በ1:59:40 ሲጨርስ አሯሯጮቹ ከፊቱና ከኋላው ቅርጽ ሠርተው የሮጡት እሱን ለመከለል ነበር። ግን ኪፕቾጌ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ነው። አንቺ በሰዓት 12 ተኩል አካባቢ ስትሮጪ፣ ቀኑ ነፋሻማ ካልሆነ በቀር፣ ከሰው ኋላ መሆንሽ የሚያስገኘው ትንሽ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 35 እና 40 ሲነዳ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከጉልበትሽ አብዛኛውን የሚበላው አየሩ ነው። የአየሩን ግፊት አሸንፎ ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፦ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ከአንድ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ደግሞ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ጉልበት ይቆጥባል፤ ግሩፕ መሀል ያለው ከዚያም በላይ። ብቻሽን የቀረሽ ጊዜ ልብሽ ከእነሱ የተሻለ ቢሆን እንኳ ተራ እየተቀያየሩ ነፋስ የሚካፈሉ ሰዎችን መድረስ አይቻልሽም።

ዳገት ላይ የምታልፊያቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ የነፋሱ ድርሻ ያንሳል፣ ክብደትና ሳንባ ይነግሣሉ። ቀላል ሰውነት ያለው ሯጭ ያኔ የልፋቱን ያገኛል። ማይክል ዉድስን ታውቂው ይሆናል፤ በወጣትነቱ አንድ ማይል ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ ካናዳዊ ነው፣ እግሩ ላይ የአጥንት ስንጥቅ እየተመላለሰ ሩጫ አስተወውና ወደ ብስክሌት ዞረ። በ2018 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘው ኢንስብሩክ ላይ፣ እጅግ ዳገታማ በሆነ መንገድ ነው። በ2023 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ያሸነፈው ምዕራፍም ፒዊ ደ ዶም ተራራ ጫፍ ላይ ነው ያለቀው። ሯጭ ሆኖ የመጣ ሰው የት እንደሚያበራ የእሱ ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ የምትመርጪው ካለሽ ዳገት ያለበትን ውድድር ምረጪ።

ሜዳውንም ግን መተው የለብሽም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በምን ማርሽ ነው የምትነጂው? ከሩጫ የሚመጡ ሰዎች ከባድ ማርሽ ይወዳሉ፣ እግራቸው ጠንካራ ስለሆነ። ከመታጠፊያ ሲወጡ ታዲያ ያ ከባድ ማርሽ ለመነሳት ጊዜ ይፈጃል፣ ታፋንም ይጨርሳል። ሩጫ ላይ በደቂቃ ከ170 እስከ 180 እርምጃ የምትሄጂ ከሆነ አንድ እግርሽ 85 ወይም 90 ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። ፔዳሉንም በደቂቃ ያን ያህል ዙር ማዞር ተለማመጂ፤ ምቱን እግርሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ማርሽ አቅልይ፣ ፍሬኑንም ከመታጠፍሽ በፊት ጨርሽ፣ ሲታጠፉ የውጭው ፔዳል ታች ይሁን፣ ክብደትሽ በእሱ ላይ ይረፍ። ስትወጪ እግርሽ ወዲያው ይዞራል።

ስለ መጠጋት፦ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ፍርሃት ነው፣ አትናቂው። በውድድር ቀን ግን አይለመድም። ሁለት ወይም ሦስት የምታምኛቸው ሰዎች ፈልጊና መኪና በሌለበት መንገድ በሁለት ሜትር ርቀት ጀምሩ፤ ሲመችሽ አንድ ሜትር፣ ቆይቶ ግማሽ ሜትር። የፊተኛውን ጎማ አትመልከቺ፤ ዓይንሽ ትከሻውን አልፎ መንገዱን ይይ። ፍጥነት መቀነስ ካስፈለገሽ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ቀና በዪ፣ ደረትሽ ላይ የሚመታው ነፋስ ያዘገይሻል፤ ከኋላሽ ያለውም አይደነግጥም። ከሁሉ በላይ የፊት ጎማሽን ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አታድርጊ። እሱ ትንሽ ቢያጋድል የምትወድቂው አንቺ ነሽ፣ እሱ ላያውቀውም ይችላል። ሣር ሜዳ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ በእርጋታ ጎን ለጎን እየነዳችሁ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ክርንሽ ታጥፎ ከላላ ግፊያውን ክርንሽ ይውጠዋል፣ መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን የተለማመደ ሰው ግሩፕ ውስጥ ቢነካ አይደነብርም። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ድንጋጤው ነው።

ስለ ሁለቱ ውድድሮች፦ ሁለቱንም ተወዳደሪ፤ ቅደም ተከተሉ መልካም ነው። ግማሽ ማራቶን ጡንቻን የሚጎዳው እያንዳንዱ እርምጃ መሬት ሲነካ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትሽን ስለሚይዝ ነው። ብስክሌት ይህ ምት የለበትም። ስለዚህ ከሩጫው በኋላ ያለውን ሳምንት ጫማሽን ሰቅለሽ ቀላል ማርሽ ብቻ ንጂ፤ ደም ይዘዋወራል፣ እግርሽ ሳይመታ ይጠገናል። ሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ከመታጠፊያ እንደምትወጪ አድርገሽ ጥቂት አጫጭር ስፕሪንቶች ሥሪ፣ በየመሀሉ በቂ እረፍት እየወሰድሽ። የልብ ምት መለኪያ የምትጠቀሚ ከሆነ የሩጫ ቁጥርሽን ብስክሌት ላይ አትፈልጊው፤ ኮርቻ ላይ የአብዛኛው ሰው ከፍተኛ ምት ከሩጫው በአምስት እስከ አሥር ምት ያንሳል።


ፔዳል ያሳደጋት፦

እኔ የመጣሁት ከተቃራኒው ነው፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ፤ ከላይ ወንድማችን ያለው ልብና እግር የመለያየት ነገር በዚህኛውም በኩል አለ። አዳም ዬትስ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ አራተኛ የወጣ ፕሮፌሽናል ነው፤ በ2021 ባርሴሎና ላይ ማራቶን ሮጦ የገባው በ2:58 ነው። ግሩም ሰዓት ነው፤ ግን የእሱን ያህል ሳንባ ያለው ሰው በሩጫ ቢያድግ የት ይደርስ እንደነበር አስቡት። ልብና ሳንባ ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጅማት፣ አጥንት፣ ባትና ተረከዝ አይሻገሩም፤ እነሱ በየራሳቸው ጊዜ ነው የሚጠነክሩት፣ ጊዜያቸውም በወራት ይለካል።

ስለዚህ ሩጫ ስጀምር ልቤ ሩጪ እያለኝ እኔ ደቂቃ እየሮጥኩ ደቂቃ እራመድ ነበር። አብረውኝ የሚነዱት ሲያዩኝ ግራ ይገባቸው ነበር፤ ዳገት ላይ አብሬያቸው የምውል ሰው እንዴት ሜዳ ላይ ትራመዳለች? ቅልጥሜ (የፊቱ አጥንት ማለቴ ነው) ግን ሳያመኝ የመጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትሬን ሮጥኩ፤ ዛሬም እሮጣለሁ። ሯጭ ሲሮጥ በያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ምት ይቀበላል። ያ ምት ቀስ ተብሎ ከተጨመረ አጥንትን ያጠነክራል። ብስክሌት ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ስለማያገኝ ልቡ ጠንክሮ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። ዳገት ወዳጅ፣ ብስክሌቱ ቢጥምሽም ሩጫውን ጨርሰሽ እንዳትተዪው የምለምንሽ ለዚህ ነው።


አዲስ ገቢ፦

በመሀል ገብቼ ልጠይቅ። ሁለቱንም ከወደድን ለምን ዱአትሎን (ሩጫና ብስክሌት አንድ ላይ ያለበትን ውድድር) አንሞክርም? አንድ ወዳጄ ደግሞ ዋናው ነገር ብስክሌቱ ነው፣ ቀላል ካርቦን ካልገዛህ አትልፋ ይለኛል። እውነት ነው?


ሁለት ጎማ ሁለት ጫማ፦

በወዳጅህ አልስማማም ወንድሜ። ሜዳ ላይ ከነፋሱ ጋር የሚጋፈጠው በአብዛኛው የራስህ አካል ነው፤ የብስክሌቱ ድርሻ ትንሹ ነው። ክርንህን አጥፈህ፣ ጀርባህን ዝቅ አድርገህ፣ ራስህን በትከሻህ መሀል ይዘህ ለአንድ ሰዓት መቆየት ከቻልክ ከማንኛውም ፍሬም የበለጠ ታተርፋለህ። መጀመሪያ የኮርቻህን ቁመት አስተካክል፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ ይቅር። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትህን ፊት ያሳምምሃል፣ ከመጠን ያለፈ ከፍታ ደግሞ ቋንጃህን ይስባል፣ ዳሌህንም ያወዛውዛል። ካቴናህን አጽዳ፣ ቅባው። ጎማህን እንደ ክብደትህና እንደ መንገዱ ንፋው፤ ሲዘንብ ትንሽ አላላው። ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ገንዘብ ካለህ ግዛ፣ አልከለክልህም።

ዱአትሎንን ግን ከልቤ እመክርሃለሁ። መደበኛው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ አጭሩ የዚህ ግማሽ። መከለል በማይፈቀድባቸው ውድድሮች ከፊትህ ካለው ሰው ኋላ የተለካ ርቀት ትጠብቃለህ፤ ስለዚህ መጠጋትን ለሚፈራ ሰው መልካም መግቢያ ነው። የሚፈትነው ሁለተኛው ሩጫ ነው። ከኮርቻ ስትወርድ እግርህ የራስህ አይመስልህም፤ ፍጥነትህ ደግሞ ያታልልሃል፤ የፔዳሉ ምት ገና እግርህ ውስጥ ስላለ ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው እያልክ ከአቅምህ በላይ ትሮጣለህ። ሰዓትህን ተመልክተህ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሆን ብለህ ያዝ። ልምምድህም ይህንኑ ይምሰል፦ በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት እንደወረድህ ወዲያው አጭር ሩጫ ሩጥ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል።


ባለ ባንዲራ፦

እኔ ተወዳዳሪ አይደለሁም። በአማተር ውድድሮች ላይ መታጠፊያ ይዤ ባንዲራ የማውለበልብ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ በሩጫም በብስክሌትም። ከቆምኩበት የሚታየውን ልጨምር።

ሰው ሁሉ መታጠፊያውን ይፈራል። እኔ ካየሁት አደጋ ብዙው ግን ቀጥታው መንገድ ላይ ነው፤ ግሩፑ በድንገት ረገብ ሲል፣ ሰው ወሬ ሲጀምር፣ ውኃ ሲጠጣ ጎማ ለጎማ ይደራረባል። መታጠፊያ ላይ ሁሉም ነቅቶ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ እህቴ፣ ሲረግብ ነው ይበልጥ መንቃት ያለብሽ። ውኃሽንም ከግሩፑ ዳር ሆነሽ ጠጪ።

ከሩጫ የሚመጡ ሰዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ሩጫ ላይ ቺፑ የራስሽን ሰዓት ይይዝልሻል፤ ከመነሻው መስመር ዘግይተሽ ብታልፊም የተጣራ ሰዓትሽ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከኋላ መነሳት ብዙም አያከስርም። የጎዳና ብስክሌት ላይ ዋናው ማን ቀድሞ ገባ ነው። ከኋላ የተነሳ ሰው ያንን ርቀት በጉልበቱ ነው የሚከፍለው። መግቢያውም ይለያል፦ በሩጫ የሚቆጠረው ደረት ነው፣ በብስክሌት የፊት ጎማ። መስመሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ብስክሌቱን ወደፊት የሚገፉት ለዚህ ነው።

ዙሪያ መንገድ ላይ ደግሞ ግሩፑ ዙር ከደረበሽ ዳኛው ሊያስወጣሽ ይችላል፤ ሕጉ በየውድድሩ ስለሚለያይ መነሻው ላይ የሚነገረውን ሳትሰሚ አትቁሚ። ሲደርሱብሽ መስመርሽን ሳትለቂ ቀጥ ብለሽ ንጂ፣ እነሱ ያልፉሻል። ለማሳለፍ ብለው በድንገት ወደ ዳር የሚጠመዘዙ ሰዎች ናቸው የሚያስደነግጡኝ።


ዳገት ወዳጅ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ደጋግሜ አነበብኳቸው። የማርሹን ነገር ትናንት መንገድ ላይ ወጥቼ ሞከርኩት፤ እውነትም በከባድ ማርሽ ነበር ከመታጠፊያ የምወጣው። አቅልዬ ስገባ ስወጣ እግሬ ወዲያው ያዘ። አብረውኝ ለመለማመድ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሴቶችም አግኝቻለሁ፤ ሣር ሜዳው ላይ እንጀምራለን።

ሁለቱንም ለመወዳደር ወስኛለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ፊት ሁኚ አላችሁኝ፣ ግን ፊት የሚቆሙት ጠንካሮቹ ናቸው። መነሻው ላይ እነሱ መሀል ገብቶ መቆም ነውር አይሆንም? ከገባሁ በኋላስ ፊት ስሆን ነፋሱን ሁሉ እኔ አልሸከምም?


ሁለት ጎማ ሁለት ጫማ፦

ምንም ነውር የለውም እህቴ። ቁጥርሽን ለጥፈሽ የተመዘገብሽ ተወዳዳሪ ነሽ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ለመቆም ቀድመሽ ድረሺ፤ አሟሙቀሽ ቦታ ያዢ፣ ጫፉ ላይ ብትቆሚ ይሻልሻል፤ አንድ ጎንሽ ክፍት ስለሚሆን አትጨነቂም።

ፊት ማለቴ አንደኛ መሆንሽን አይደለም። ከግሩፑ የመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ፣ ከስምንተኛ እስከ አሥራ አምስተኛ ባለው ቦታ ላይ ሁኚ። እዚያ ተከልለሻል፣ መታጠፊያውም አይመታሽም። ችግሩ ቦታው ዝም ብሎ አይቆይልሽም፤ ከኋላ ያሉት በዳር በዳር ያልፉሻል፣ ሳታውቂው ተንሸራተሽ ጭራ ላይ ትገኛለሽ። ስለዚህ በየቀጥታው መንገድ ሁለት ሦስት ሰው እያለፍሽ ቦታሽን መልሺ። ነፋሱ ከጎን ከሆነ ከለላው ከሰው ቀጥታ ኋላ አይገኝም፤ ነፋሱ ከግራ ከመጣ ከኋላው ትንሽ ወደ ቀኝ ሁኚ፣ ከቀኝ ከመጣ ወደ ግራ። ያን ጊዜ በተለይ ጎማሽ ከጎማው እንዳይደራረብ ተጠንቀቂ። ተራ ደርሶሽ ግሩፑን የምትመሪ ከሆነ ደግሞ ፍጥነት አትጨምሪ፤ ያገኘሽውን ፍጥነት ይዘሽ ጥቂት ቆይተሽ ወደ ዳር ውጪና ወደ ኋላ ተመለሺ። ስትመለሺ መርገጥሽን አታቁሚ፣ የመጨረሻው ሰው ጎንሽን ሳያልፍ ከኋላው ለመግባት ተዘጋጂ።

ግማሽ ማራቶኑን ስትጨርሺ እግርሽ እንዴት እንደዋለ ጻፊልን፤ የሚቀጥለውን ሳምንት በዚያ ላይ ተመሥርተን እናስተካክልልሻለን።